የቆላ ማር፣ የደጋ ጌሾ

ጠጅ መተማ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ደባርቅ ወይም ዳባት የተጣለ ጠጅ ጌሾው ከገባበት በኋላ ከ15 እስከ 20 ቀን ጋን ውስጥ ይቆያል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ሙቀቱ ያጣድፈዋል፤ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ አምስት ቀን ያህል ይበቃዋል። ሰኞ ጌሾ የገባበት ቅዳሜ ይቀዳል ማለት ነው። ይህ ፍጥነት ለጣይዋ በረከትም ፈተናም ነው፤ ቶሎ የደረሰ ጠጅ ቶሎ ይሆመጥጣልና። የቆላ ጠጅ ይደር ይክረም የሚባልለት አይደለም። በደረሰበት ሰሞን፣ ወዳጅ ተጠርቶ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚቀመስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ይህንኑ ቅምሻ ነው፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጓደኛሞች ቤት ውስጥ ተሰብስበው፣ ከተለያየ ማር የተጣለ ጠጅ እያፈራረቁ በዝግታ የሚቀምሱበትን። ፈረንጆቹ በወይን የሚያደርጉት ነው፤ ለኛም ግን እንግዳ አይደለም። ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። የሠርግ ጠጅ ሲታዘዝ አፉን የሚያምኑት ሰው ተልኮ ይቀምሳል። ጽዋ ማኅበር የሚጠጣበት ቤትም ባለተራዋ የጣለችው ከባለፈው ወር ጋር ሳይነጻጸር አያልፍም። ምላሱ አለን። የጎደለን አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ማር ከየት ነው?

ካስቴል የተባለው ወይን ጠማቂ ዝዋይ ላይ ያመረተው ወይን በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ ጠርሙሱ የወይኑን ዘርና የስምጥ ሸለቆን ስም ይዞ ነበር የወጣው። ጠጃችን ከዚያ እጅግ የቆየ ነው፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ሲጎበኝ የማር ወይን ሲጠጣ አይቶ ጽፏል። እስከ ዛሬ ግን ጀሪካኑ ላይ ምንም አይጻፍም። ደረቅ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ ብለን እንጠይቃለን፤ ማሩን ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ብለን እንለያለን። የቋራው ከመተማው፣ የጥቅምቱ ከግንቦቱ በምን እንደሚለይ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ጠጅን ጠጅ የሚያሰኘው ከሁሉ በፊት የማሩ አገር ነውና።

ለብዙ አንባቢ መተማ የጦር ሜዳ ናት፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት፣ ስማቸውንም ይዛ መተማ ዮሐንስ የተባለች። ከዚያ ውጊያ በፊት ግን ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር የሚወርዱ ነጋዴዎች በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከሚያሻግሯቸው ሸቀጦች አንዱ ሰም ነበር። የዚያ ሰም አንዱ ዋና ምንጭ ደግሞ የጠጅ ጋን ነው። ማር ከነሰፈፉ በውኃ ሲበጠበጥ ሰሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተገፍፎና ቀልጦ ለብቻው ይሸጣል። ማሩ ጎንደር ተጠጥቶ ሰሙ በመተማ በር ይወጣ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ኢትዮጵያ ዛሬም ከአፍሪካ ቀዳሚ የሰም አምራቾች አንዷ ስትሆን ከሰሙ ብዙው የሚሰበሰበው ከጠጅ ጣዮች ነው።

የቆላውን ማር ልዩ የሚያደርገው ከንቧ ይጀምራል። የአገራችንን ንቦች የአካል ልክ እየለካ ዝርያቸውን የመረመረ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አምስት ዝርያዎችን ለይቷል። ከነሱ አንዷ፣ ስሟን ከየመን ያገኘችው ጀመኒቲካ፣ የሞቃታማው ቆላ ንብ ናት። ሰውነቷ ከደጋዋ ንብ ያንሳል፣ መልኳ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሙቀትና ድርቅ ትችላለች። የመተማ ወረዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ የሚደርስ ነው፤ ንቧም የምትቀስመው እዚያ የሚያብበውን ነው። ግራር አለ፣ ቁርቁራ አለ፣ አባሎና ወይባ አለ። ነሐሴ አካባቢ የሰሊጡ ማሳ በአበባ ይሸፈናል። በጋ ሲገባ ደግሞ የእጣን ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ራቁቱን ቆሞ ያብባል፤ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወራት ለንቧ ቀለብ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ማር ብዙውን ጊዜ ቀላ ያለ ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነም ውኃው ያነሰ፣ ከማንኪያ ላይ በግድ የሚወርድ ወፍራም ይሆናል። ከመስቀል በኋላ ደጋው ላይ የሚቆረጠው የአደይ አበባ ማር ግን ቢጫና ለስለስ ያለ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ጠጃቸው አንድ ይሆናል ብሎ አይጠብቅም።

ጌሾው ግን የቆላ ተክል አይደለም። ከወይና ደጋው፣ በአዘዞና በአይከል በሚወርደው የጎንደር መንገድ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መተማ ላይ የተጣለ ጠጅ ሁሉ የሁለት አገር ልጅ ነው። የጌሾው ምሬት ጌሾይዲን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን የማሩን ጣፋጭነት ልክ ያስይዘዋል። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ቆላ ላይ ጌሾ ይወደዳል፤ ጣይዋም ትቆጥባለች፤ ጠጁ ወደ ጣፋጭነት ያዘነብላል። አንድ ብርሌ ጠጅ ውስጥ የመንገዱ ሁኔታ ጭምር ይቀመሳል።

አጣጣሉን ባጭሩ ልንገር። እንስራው ታጥቦ በወይራ እንጨት ይታጠናል፤ ጢሱ ጠጁ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይበረዛል። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ለሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ሰፈፉ ይገፈፋል። ከዚያ ከብርዙ ጥቂቱ ተቀንሶ ከጌሾው ጋር ይፈላና ሲበርድ ተመልሶ ይጨመራል። ሥራውን የሚሠራው እርሾው ነው፤ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ሙቀት ሲበዛ እርሾው ይጣደፋል፤ ጋኑ ጎደሎ ሆኖ አየር ካገኘም ኮምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ይቀድሙታል። ስለዚህ በቆላ ዋናው ጥበብ ማቀዝቀዝ ነው፤ እንስራውን ከመሬት ቤቱ ጥግ ማኖር፣ ጎኑን በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል፣ እስከ አፉ መሙላት። በላቦራቶሪ የተመረመሩ የጠጅ ናሙናዎች አልኮላቸው ከመቶ ከ3 በታች ጀምሮ ከ20 በላይ የደረሰ ተገኝቷል። ይህን ያህል የተራራቀ ነገር በአንድ ስም እየጠራን ነው የምንጠጣው፤ ቀማሽ አይድፈር የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅምሻው። ሦስት ዓይነት ይበቃል። አንዱ ከደጋ ማር፣ አንዱ ከመተማ ወይም ከቋራ ማር የተጣለ፤ ሦስተኛው ከሱቅ በጀሪካን የተገዛ ይሁን። ብርሌ ያምራል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ዝንብ አያስገባም፣ ሽታውንም አፍኖ ይይዛል። ለማሽተት ግን አፈ ሰፊ የመስተዋት ብርጭቆ ይሻላል፤ አፍንጫ ብርሌ ውስጥ አይገባምና። ጠጁን ለማቀዝቀዝ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው። በረዶ መጨመር ወይም ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው መቅዳት አልደግፍም፤ በጣም የቀዘቀዘ ጠጅ ሽታውን ይደብቃል።

ቡናው ይቆይ። በመተማ ከቡናው ጋር የሚጨሰው እጣን ከዚያው ጫካ ስለሆነ ሳይጨስ የሚውል ቤት ጥቂት ነው፤ ጢሱ አንዴ ቤቱን ከሞላ ግን የማር ሽታ አይለይም። ረከቦቱ ከቅምሻው በኋላ ቢቀርብ ሁሉም በየቦታው ያምራል። በርበሬ ያለበት ወጥም እንዲሁ ይቆይ፤ ዳቦና ያልተቀመመ ቆሎ በቂ ነው፣ ውኃ ደግሞ የግድ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ጠጅ ያለ ውኃ ራስ ያዞራል።

ከደረቁ ጀምሮ ወደ ለስላሳው መሄድ ይሻላል፤ ጣፋጩ ከቀደመ ደረቁ ጎምዛዛ መስሎ ይቀራል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱት። ደፍረስ ማለቱ ነውር አይደለም፤ እርሾው ነው። አረፋው አሁንም ከሥር እየተነሳ ከሆነ ጠጁ ሥራውን አልጨረሰም። ቀጥሎ አሽትቱት፦ ጢሱ አለ? አበባ አበባ ይላል? ኮምጣጤ ከሸተተ ዘግይታችኋል። ከዚያ ጥቂት ጎንጨት አድርጋችሁ አፍ ውስጥ አቆዩት። ጣፋጩ ቶሎ ይመጣል፣ ጎምዛዛው ይከተላል፣ የጌሾው ምሬት ከዋጣችሁ በኋላ ከጉሮሮ በላይ ይቀራል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከማር የተጣለ ጠጅ ከተዋጠ በኋላ እንደገና በአፍንጫ ይመጣል፤ ማሩ ራሱን ያስታውቃል። ስኳር የበዛበት ግን ከንፈር ላይ ይጣፍጥና ወዲያው ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው የሱቁን ጠጅ ሦስተኛ አድርጌ ያስቀመጥኩት። የስኳር ጠጅ ርካሽ ነው፣ ለምን ተሸጠ አልልም፤ በማር ዋጋና በማር ስም መሸጡ ግን ገዢውንም ንብ አርቢውንም መበደል ነው፤ ይህን በደል የሚለየውም የለመደ ምላስ ነው።

ማሮቹ የሚቀርቡት መጨረሻ ላይ ነው፣ በየሳህናቸው፣ ስማቸው ሳይነገር። የቅምሻው ደስታ እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ማር የትኛውን ጠጅ እንደወለደ እንግዶቹ ይገምቱ። ከጋይንት የመጣው በአገሩ ማር ይምላል፣ ከቋራ የመጣው ያን አይሰማም። ቆላው የብዙ አገር ሰው የሰፈረበት ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ወደ መተማና ቋራ ብዙ ቤተሰብ አምጥቷል፣ ሰሊጥ አራሚውና አጫጁም በየዓመቱ ከደጋው ይወርዳል። ሁሉም የእናቱን አጣጣል በአፉ ይዞ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ክርክር የሞላበት ገበታ ከመተማ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

የማይጠጣው ጎረቤትም ከገበታው አይጎድልም። መተማ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብተው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ለማይጠጣ እንግዳ ብርዝ የሚያቀርብ ባህል ደግሞ ከጥንትም አለን። ጌሾ ያልገባበት፣ ያልተብላላ፣ በዕለቱ የተበጠበጠ ብርዝ የማሩን አገር ከጠጁ ይልቅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ምንም የሚሸፍነው የለምና። ከጎኑ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቢቀመጥ ደግሞ ድንበርተኛነቱ ይታያል፤ ከድንበሩ ማዶ በሱዳኗ ጋላባትም እዚህም የሚወደድ መጠጥ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ጫካ ግን እየሳሳ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የእጣን ዛፍ በብዙ ቦታ ተተኪ ችግኝ እያጣ መሆኑን፣ የእጣን ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ መተማ ይህ ዛፍ ለዓመታት ሲጠና ከቆየባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። መሬቱ ለሰሊጥ ሲመነጠር፣ ከብቱ ቡቃያውን ሲበላ፣ እሳቱ ሲያልፍበት፣ የበጋዋ ንብ ቀለቧን ታጣለች። አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚረጨው ፀረ ተባይም ንቧን ማሳው ላይ ይገድላታል። ሲመሽ፣ ንቧ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ መርጨት ብቻውን ብዙ ያድናል፤ ይህን አርሶ አደሩም ባለሀብቱም ዛሬውኑ ሊያደርገው ይችላል።

ማር ሻጮች፣ ጀሪካኑ ላይ ቀበሌውንና ወሩን ጻፉበት፤ «ቋራ፣ ኅዳር» ይበቃል። ገዢዎችም ጠይቁ፣ ካልተነገራችሁ አትግዙ። የመተማ ወይም የቋራ ማር እጃችሁ ከገባ ደግሞ ከሌላ ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻው ጣሉት፤ ሲደርስ ወዳጆቻችሁን ጥሩ።