ጎማ ከመሬት ሲነሳ

እርጥብ ሣር የለበሰ የእንግሊዝ ገጠር ዳገት ነው። አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቦይ በሰያፍ ሊሻገር ገብቶ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማዎቹ ተንጠለጠሉ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ የተንጠለጠሉት ሁለቱ አየር ላይ ይሽከረከራሉ፤ መሬት የረገጡት ሁለቱ ግን ንቅንቅ አይሉም። መኪናው ቆመ። ዳኛውም ጻፈበት።

በዚያ አገር የላንድሮቨር ክለቦች ለአባሎቻቸው የሚያዘጋጁት እንዲህ ያለው ውድድር ትራያል ይባላል። የፍጥነት ፉክክር አይደለም። በጭቃና በገደላ ገደሉ መሐል ጥንድ ጥንድ ዘንጎች እንደ በር ይተከላሉ፤ የየበሩ ቁጥር እየወረደ እስከ 1 ይደርሳል። ዘንግ የነካ ወይም መሐል ላይ የቆመ የዚያን በር ቁጥር ይሸከማል። ንጹሕ የጨረሰ ዜሮ ያገኛል፤ የሚያሸንፈውም ትንሽ ነጥብ የያዘው ነው።

አራቱም ጎማ ይነዳ የለም እንዴ? ይነዳል፤ ችግሩ ያለው ዲፈረንሻሉ ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ዲፈረንሻል ግድ ነው። ተራው ዲፈረንሻል ግን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለው እኩል የመጠምዘዝ ኃይል ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ለመዞር ኃይል አይፈልግም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መሬት የረገጠው ጓደኛውም የሚደርሰው ያው ኢምንት ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከተንጠለጠለ መኪናው አበቃለት።

ስለዚህ ነገሩ የገባው ሰው ገንዘቡን ሞተር ላይ አያፈስም። መጀመሪያ የሚያየው ባሊስትራውን ነው። ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ሲሪየስ 3 ላንድሮቨር በባሊስትራ የቆመ ነው። ባሊስትራ ሲተጣጠፍ ንጣፎቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ዝገት ካጣበቃቸው ግን እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይደርቃሉ፤ ጎማውም ጉድጓዱን ተከትሎ በመውረድ ፈንታ ይንጠለጠላል። ፈትቶ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ ግሪስ ቀብቶ መመለስ ከድካም በቀር ብዙ አያስወጣም። አቅም ያለው ፓራቦሊክ በሚባለው ዓይነት ይተካዋል፤ የዚህ ንጣፎች ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ አብዛኛው ርዝመታቸው ስለማይነካካ ፍትጊያቸው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የጎማ አየር ነው። አንድ ጎማ 350 ኪሎ ቢሸከምና አየሩ በካሬ ሴንቲሜትር 2 ኪሎ ቢሆን፣ መሬት የሚነካው ገጽ በግምት 175 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። አየሩን ወደ 1 ብናስተነፍሰው ገጹ እጥፍ ይሆናል። ከልክ ካለፈ ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው መኪናውን ከፍ በማድረጉ ላይ ነው። ረጅም ባሊስትራ አካሉን ያነሳል እንጂ ድንጋይ የሚመታውን የዲፈረንሻሉን ሆድ አንዲት ጣት አያነሳውም፤ እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ነው። ከዚያ ይልቅ አካሉ ሲነሳ የክብደቱ ማዕከልም አብሮ ይነሳል። የግራና የቀኝ ጎማው ርቀት 1.3 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሴንቲሜትር ነው እንበል። መኪናው ወደ ጎን 43 ዲግሪ ገደማ ካዘነበለ ይገለበጣል። ማዕከሉ 10 ሴንቲሜትር ቢነሳ መገልበጫው ወደ 39 ይወርዳል።

ትልቅ ጎማም ዋጋ አለው። ከ73 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ወደ 84 ቢያድግ ዲፈረንሻሉ 5.5 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ መሬቱን የሚገፋው ኃይል ግን በ13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የጎማ መንጠልጠልን ዲፈረንሻሉን በሚቆልፍ መሣሪያ እንቋቋመው ብንል ደግሞ ጣጣው ሴሚያስ ላይ፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል በሚያደርሰው ዘንግ ላይ ይወድቃል። ቀድሞ ግማሹን ብቻ ይሸከም የነበረ አንድ ዘንግ፣ አሁን ጓደኛው ሲንጠለጠል ሙሉውን ኃይል ይቀበላል። የአሮጌ ላንድሮቨር የኋላ ሴሚያስ ደግሞ በመሰበር የታወቀ ነው። ደግነቱ ጎማውን የሚሸከመው እሱ አይደለም፤ ክሪክ ሳያስገቡ ስድስት ቡሎን ፈትቶ መሳብ ይቻላል። የተሰበረው ጫፍ ውስጥ ከቀረ ግን ማጥመዱ ሌላ ሥራ ነው።

ሞተሩስ? 2.25 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው ያለው። የመጠምዘዝ ኃይሉን አንደኛ ማርሽ 3.68፣ ረዳት ካምቢዮው 2.35፣ ዲፈረንሻሉ 4.7 ጊዜ ያበዙለታል። ሦስቱ ሲባዙ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር መኪናው በሰዓት 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ባሊስትራው ግሪስ የተቀባለት ያ ላንድሮቨር ወደ ቦዩ ሲመለስ፣ አራቱም ጎማው መሬቱን እየዳበሰ ይሻገራል፤ ዳኛው ከጎኑ በእግሩ እየሄደ፣ ቆም ብሎ እየጠበቀው።