ያልተተከለው ችካል

ኢትዮጵያንና ኤርትራን የሚለየው ድንበር በወረቀት ላይ ተወስኗል፤ መሬት ላይ ግን ችካል አልተተከለበትም። የታሪክ መምህር የፈተና ወረቀት ሲያርም በየዓመቱ የሚያነበው ሌላ ነው፦ «ድንበሩ በ2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ ተካለለ።» ይህንኑ ጽፎ ነጥብ የተቀነሰበት አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ አመለከተ። «ካልተካለለ ይህ መስመር ከየት መጣ?» ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተመልሶ የሚያልቅ ግን አልነበረም።

መስመሩ የመጣው ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 ከተፈራረሟቸው ሦስት ውሎች ነው። የመጀመሪያው መካከለኛውን ክፍል በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች አስኬደው። ሁለተኛው የምዕራቡን ከሰቲት እስከ መረብ ዘረጋው። ሦስተኛው የምሥራቁን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከባሕሩ ጋር ትይዩ እንዲሄድ አደረገው። ውሎቹ ተፈረሙ እንጂ መስመሩ መሬት ላይ አልወረደም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን የአስተዳደር ወሰን ሆኖ ቆየ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ነጻ ስትወጣ እንደገና የሁለት አገር ድንበር ሆነ፤ ያኔም አልተካለለም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በድንበሩ አካባቢ ባለችው ባድመ ላይ የተጀመረው የሁለቱ አገሮች ጦርነት በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን በላ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ተኩስ ለማቆም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ሰላም ለማውረድ አልጀርስ ላይ ተፈረመ። ስህተቱ ሁሉ የሚፈለፈለው ከዚህ ላይ ነው። «አልጀርስ ባድመን አሳልፎ ሰጠ»፣ «አልጀርስ አሰብን አስቀረ» የሚለው አባባል ከሻይ ቤት አልፎ መማሪያ ክፍል ገብቷል። የአልጀርሱ ስምምነት አንድም ቀበሌ ለማንም አልሰጠም። የአሰብ ወደብም ነገር ከ1985ቱ ነጻነት ጋር ያለቀ ነው። ስምምነቱ ያደረገው መሬቱን የሚወስንና ካሳውን የሚወስን ሁለት ኮሚሽን ማቋቋም ነው። የድንበር ኮሚሽኑ ሦስቱን ውሎችና ዓለም አቀፍ ሕግን ይዞ እንዲፈርድ ታዘዘ፤ በርትዕ፣ ማለትም ለነዋሪው የሚበጀውን አይቶ፣ መፍረድ ተከለከለ። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንደሚሆን ሁለቱም መንግሥታት አስቀድመው ፈርመዋል። በድንበሩ ላይ የሚኖረውን የኢሮብ ሕዝብ ምድር ለሁለት የሚከፍል መስመር ሊሰመር የቻለው ኮሚሽኑ ሰዎቹን ስለጠላ አይደለም፤ ስለ ሰዎቹ እንዲጠይቅ ሥልጣን ስላልተሰጠው ነው። ይህን ሳያስተምሩ ማለፍ ለኢሮብ ልጆች ትልቅ በደል ነው።

ብይኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ወጣ። ዛላምበሳ ወደ ኢትዮጵያ ገባች። የባድመ ስም ግን በውሳኔው አንቀጽ ውስጥ አልተጻፈም፤ የተጻፉት የካርታ ነጥቦች ብቻ ነበሩ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት ባድመ ለእኛ ተፈረደች ብሎ አስታወቀ፤ ሕዝቡም ደስታውን ገለጸ። ነጥቦቹ ካርታ ላይ ሲቀመጡ ባድመ ኤርትራ ውስጥ ወደቀች። በመስከረም 1996 ዓ.ም. መንግሥት ውሳኔውን ፍትሕ የጎደለው ነው ብሎ ተቃወመ፤ በኅዳር 1997 ዓ.ም. «በመርህ ደረጃ» ተቀበለው። ችካል የመትከሉ ሥራ ቆመ። ኮሚሽኑም በኅዳር 2000 ዓ.ም. ድንበሩ በካርታ ነጥቦች እንደተካለለ ይቆጠራል ብሎ ሥራውን ዘጋ። ኤርትራ ይህን ተቀበለች፣ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎችም በ2000 ዓ.ም. ክረምት ተልእኳቸው አበቃ።

ተማሪ ቀርቶ ጋዜጠኛም የሚያምታታው ሌላው ጉዳይ የካሳ ኮሚሽኑ ውሳኔ ነው። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ይህ ኮሚሽን ኤርትራ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ላይ በፈጸመችው ጥቃት የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች ብሎ ወሰነ። ታዲያ ባድመ የኤርትራ ከሆነች የራሷን መሬት መያዟ እንዴት ያስጠይቃታል? መልሱ አጭር ነው። ቦታው በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በሰላም ይኖር ነበር፤ ይገባኛል ባይ ደግሞ በጦር አይወስድም። ባለቤትነት አንድ ጥያቄ ነው፣ ኃይል መጠቀም ሌላ። ሁለቱ ብይኖች አይጣሉም። ግማሹ አንባቢ የመጀመሪያውን፣ ግማሹ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ የሚከራከረው ሁለቱን አብሮ ያነበበ ስለሌለ ነው። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የመጨረሻው ሒሳብ ሲሠራ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነ፤ ሁለቱም ወገን አጥፍቷልና።

ወደ 2010 ዓ.ም. ሲመጣ መመርመር ያለበት የግሡ ጊዜ ነው። ግንቦት 28 ቀን በወቅቱ ኢትዮጵያን ይገዛ የነበረው የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል አስታወቀ። ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የተፈረመው መግለጫ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱን ሲያበስር፣ ስለ ድንበሩ ያለው ውሳኔው «ይፈጸማል» ነው እንጂ «ተፈጽሟል» አይደለም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ላይ መንገዱ ሲከፈት ለሃያ ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች ተቃቅፈው አለቀሱ። ኬላዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ የኤርትራ ሠራዊትም ገባበት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም። ድንበሩ እስከ ዛሬ በችካል አልተካለለም፤ የክፍሉ ካርታም ያንኑ መስመር እንደያዘ ነው።