ከተማው ከመስፋቱ በፊት ረግረጉ ይቆጠር

በባሕር ዳር ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ደንገል የበቀለበትን ረግረግ ባዶ መሬት ብሎ አይጠራውም። በበጋ ከብቱን ያሰማራበታል፤ ለቤቱ ክዳን ሣር ያጭድበታል፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት እህል ይዘራበታል። በጣና ላይ የሚቀዘፈው ታንኳም ከዚሁ ደንገል ይሠራል። ይኸው ሥፍራ ግን በከተማ ካርታ ላይ ምንም ሳይጻፍበት ከቀረ ለግንባታ ክፍት ቦታ መስሎ ይታያል።

እንደሚታወቀው ባሕር ዳር የተቆረቆረችው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 96 ሺህ ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ150 ሺህ በልጧል። ከዚያም ወዲህ ከተማዋ መስፋቷን አላቋረጠችም። የምትሰፋውም ወደ ገበሬው ማሳና ወደ ረግረጉ ነው።

ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ መንገድና ሰፈር ከመሰመሩ በፊት የአካባቢው የተፈጥሮ ሀብት ሊጠና ይገባል። ይኸውም የምንጩና የከርሰ ምድሩ ውሃ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የመሬቱ ተዳፋትነት፣ ጎርፍ የሚደርስበት ወሰን፣ እንዲሁም ዕፀዋቱና እንስሳቱ የሚኖሩባቸው ሥፍራዎች ናቸው።

የጣና ስፋት 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ደለል በቀላሉ ይጎዳዋል። ደንገሉ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደውን አፈር አግዶ ያስቀራል። በሌላ ሥፍራ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የወንዙ አፍ ከተዘጋ ወይም አሸዋው ተዝቆ ካለቀ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ባዶ ይስባል። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቶ ችግሩን አባብሶታል።

የውሃ ሀብት ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ወደ ምሥራቅ መመልከት ይበቃል። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው የሐረማያን ሐይቅ ውሃ ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ገበሬም በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር። የሁለቱ ፍጆታና ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል ተደማምረው ሐይቁን በ1990ዎቹ አደረቁት። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ቢታይም ከተማውም ገበሬውም በጥማት ብዙ ተጎድተዋል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዝዛል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ግን ከውይይቱ ቀን በፊት ይጀምራል።

በመጀመሪያ ከሽማግሌዎችና ውሃ ከሚቀዱ ሴቶች ጋር ወሰኑን በእግር መዞር ያስፈልጋል። በበጋ የማይደርቀው ምንጭ የትኛው ነው? በከባድ ክረምት ጎርፉ እስከ የትኛው ዛፍ ደረሰ? ሁለተኛ፣ ጉብኝቱ በነሐሴም በሚያዝያም ይሁን። በበጋ ብቻ ያየ ሰው ረግረጉን ሜዳ ነው ብሎ ይመዘግባል። ሦስተኛ፣ ስንት አባወራ በግጦሹ፣ በሣሩና በዓሣው እንደሚጠቀም በየቦታው ስም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ለጥናቱ ባለሙያዎች ይሰጥ፤ ቅጂውም በማኅበሩ ይቀመጥ።

ቆጠራው የገበሬውንም ጥፋት መደበቅ የለበትም። እስከ ውሃው ጠርዝ የታረሰ መሬት፣ በምንጭ ራስ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍም አብሮ ይመዝገብ። የራሱን ጉድለት ያልሸሸገ ማኅበር ስለ ረግረጉ ሲናገር ይታመናል።

ካሣ የአንድን ማሳ ምርት ይተካ ይሆናል። የደረቀን ምንጭ ግን አይተካም። ምንጩ በፕላኑ ላይ ስሙ ተጽፎ እንዲገኝ ማድረግ ዛሬ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ካርታው ከጸደቀ በኋላ ማስለወጡ እጅግ ይከብዳል።