ቪያ ፌራታ፦ ቀላሉ የብረት መንገድ

“ቪያ ፌራታ” በጣሊያንኛ “የብረት መንገድ” ማለት ነው። ገደል መውጣት ያልለመደ ሰው እንኳ እንዲሄድበት የብረት ገመድና መሰላል በዓለቱ ላይ ይተከላል። በሰሜን ጣሊያን በዶሎሚቲ ተራሮች ከሚገኙት አንዳንዶቹ የጦርነት ቅርስ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1917 የጣሊያንና የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ወታደሮች እዚያ ሲዋጉ፣ ሰውና ስንቅ ለማውጣት ገመድና መሰላል ተክለዋል፤ ዋሻም ቆፍረዋል። በላጋዙኦይ ተራራ ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ዛሬ ጀማሪዎች የራስ ቁር ደፍተው፣ መብራት ይዘው የሚሄዱበት ነው።

ታዲያ “ቀላል” ሲባል አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ተጓዡ ወገቡ ላይ ከታጠቀው መታጠቂያ ሁለት ማሰሪያዎች ይወጣሉ፤ በጫፋቸው ያሉት መንጠቆዎች በብረት ገመዱ ላይ ይቆለፋሉ። ገመዱ ከዓለቱ ጋር የተያያዘበት ችንካር ላይ ሲደረስ መንጠቆዎቹ አንድ በአንድ ይሻገራሉ እንጂ ሁለቱ ባንዴ አይፈቱም። የወደቀ ሰው እስከ ታችኛው ችንካር ድረስ ወርዶ ነው የሚቆመው። ያን ከባድ ንጥቂያ የሚያበርደው ማሰሪያው ላይ ያለው፣ ሲሳብ እየተተረተረ የሚረዝም ጥብጣብ ነው። ስለዚህ ተራ ገመድ አይተካውም።

በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል። መብረቅ ሲመጣ ያ ደጋፊ ብረት ራሱ አደጋ ስለሚሆን፣ በጠዋት ወጥቶ በጊዜ መውረድ ነው የሚሻለው።