የገበታ ጨዋታና የሜኑ ሥርዓት

ቼዝንና መሰሎቹን የገበታ ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚጫወት ሰው፣ ከባላጋራው ጋር ከመፋጠጡ አስቀድሞ ከሜኑ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በአንድ ቤት የተቀመጡ ሁለት ወዳጆች ሰሌዳውን ሲዘረጉ ምን እንደሚጫወቱና እስከ መቼ እንደሚቆዩ አስቀድመው የተስማሙ ሲሆኑ፣ ድረ ገጹ ግን የመጣበትን እንግዳ ፈቃድ ስለማያውቅ፣ ምን፣ ከማን ጋር፣ ለስንት ጊዜ ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል፤ የሜኑም ሥርዓት በየጊዜው እየፈረሰ የሚሠራው፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች የትኛው መቅደም እንዳለበት መወሰን አስቸጋሪ በመሆኑ ነው።

ብሪታንያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ መብራት በበራ ቁጥር ለዚያ መብራት የተመደበውን ቁልፍ የሚጫኑ ሰዎችን መርምሮ፣ ምርጫው ሲበዛ የመወሰኛው ጊዜ እንደሚረዝም፣ ነገር ግን ጭማሪው እያደር እያነሰ እንደሚሄድ አስረድቷል። ድረ ገጽ ሠሪዎች ይህን ሕግ እየጠቀሱ ሜኑን ማሳጠር ይወዳሉ፤ እኔ ግን ጥቅሱ ያለ ቦታው የገባ ይመስለኛል፤ የሂክ ተፈታኞች የትኛው ቁልፍ ለየትኛው መብራት እንደ ሆነ የተማሩ ሲሆኑ፣ አዲስ ተጫዋች ግን ሰምቶት የማያውቀውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ እያነበበ መውረድ አለበትና።

ይህን ችግር በሚገባ የተረዳ የሚመስለው፣ በፈረንሳይ የተመሠረተው ቦርድ ጌም አሬና የተባለው የገበታ ጨዋታ ድረ ገጽ ነው። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጨዋታዎች በአንድ ማኅደር ስለ ተሰበሰቡበት፣ ሁሉንም በፊደል ተራ መደርደር ስማቸውን ለሚያውቅ እንጂ ለእንግዳ አይረባም፤ ስለዚህ ጨዋታዎቹ በተጫዋቾች ቁጥር፣ በሚወስዱት ጊዜና በክብደታቸው ሊለዩ ይችላሉ። ከሁሉ የማደንቀው ግን በአንድ መቀመጫ የሚያልቀውን ጨዋታ፣ እያንዳንዱ በተራውና በተመቸው ሰዓት እየገባ ለቀናት ከሚጫወተው መለየቱን ነው፤ ሥራ ያለበት ሰው ከጨዋታው ስም በፊት ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።

ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ሊቼስ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ጨዋታዎቹ ቼዝና የቼዝ ዘመዶች ብቻ ስለ ሆኑ፣ ጥያቄውን ወደ ሰዓት አዙሮ፣ በመነሻ ገጹ ላይ «10+5» የመሰሉ ቁጥሮችን በሰፋፊ አራት ማዕዘኖች አስቀምጧል፤ ትርጓሜውም ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ፣ በየእርምጃውም 5 ሰከንድ ጭማሪ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ድረ ገጹ ባላጋራ ይፈልጋል። ሰፊና ቅርብ የሆነ ዒላማ ቶሎ እንደሚነካ አሜሪካዊው ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳየው ሕግ እዚህ ላይ በትክክል ሠርቷል።

ሜኑን ለመክፈት ስለሚጫኑት ባለ ሦስት አግድም መስመር ምልክት ግን ምስጋና የለኝም። ኖርም ኮክስ ለዜሮክስ ስታር ኮምፒዩተር የሣለው ይህ ምልክት፣ ስፍራ ለሚያጥረው ስልክ ይቅርታ ይገባው ይሆናል፤ በሰፊው የኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ሜኑን ከኋላው መሰወር ግን ያልታየው እንዳይፈለግ ማድረግ ነው።

የድሮ ደንበኞች ቅሬታም ቀላል አይደለም፤ ጣታቸው የለመደው ቁልፍ በአንድ ሌሊት ሲዛወር፣ አዲሱ ሥርዓት የተሻለ ቢሆን እንኳ ለጊዜው ያዘገያቸዋል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ ሥርዓቱን ከመለወጡ በፊት በሜኑ ላይ የሚወጣውን ስም ሁሉ በትንንሽ ካርድ ጽፎ፣ ተጫዋቾቹ በየወገኑ እንዲከፋፍሉት ይሰጣቸዋል፤ «ውድድር» የሚለውን እርሱ ከ«ማኅበር» በታች ሊያኖረው ሲያስብ፣ እነርሱ «ተጫወት» ከሚለው ጋር ሲያስቀምጡት የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።