ያለ ቅቤ፣ ያለ ማር፣ ያለ ስንዴ

ጭኮን ጭኮ የሚያደርገው ቅቤው ነው። በሶው በነጠረ ቅቤ ታሽቶ ሲበርድ ይጠብቃል፤ በቢላ ይቆረጣል፤ መንገደኛ ሰንቆት ቢከርምም በቀላሉ አይበላሽም። ቅቤውን ትታችሁ ሥሩት ቢባል ባለሙያዎቹ ይስቃሉ። ገብሱም ይቅር ከተባለማ ጭኮ የሚባል ነገር የለም።

ውጭ አገር በየሱፐርማርኬቱ «ቪጋን»፣ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የሚሸጠው ስናክ ባር ግን ልክ እንዲህ ያለ ነገር ነው። («ባር» ሲባል ቢራ የሚቀዳበት ቤት ትዝ ለሚለው፣ እዚህ የተፈለገው ከመዳፍ ያነሰ፣ በኪስ የሚያዝ ቁራጭ ስንቅ ነው።) ቅቤና እንቁላል የለበትም፤ ማርም፣ ስንዴም፣ ገብስም የለበትም። ታዲያ ምን ያያይዘዋል? እቤት ልሥራው ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህንኑ ነው።

አንዱ መልስ ከኮሎራዶ ተራሮች የመጣ ነው። ላራ ሜሪከን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2000 በእግር ጉዞ ላይ ሳለች ከፍራፍሬና ከለውዝ ብቻ የተሠራ ባር ይታሰባታል። በወጥ ቤቷ ስትሞክር ቆይታ በ2003 «ላራባር» ብላ ለገበያ አቀረበችው፤ በ2008 የምግብ ኩባንያው ጄኔራል ሚልስ ገዛው። «ካሹ ኩኪ» የሚባለው ዓይነት የተሠራው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከካሹና ከቴምር። ምስጢሩ ያለው ቴምሩ ላይ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳር ስለሆነ ሲደቆስ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ያው ስኳር ውሃውን ስለሚይዘውም ሻጋታ ቶሎ አይደፍረውም። ቅቤው ለጭኮ የሚሠራለትን ሥራ እዚህ የሚሠራው ቴምር ነው።

ለጿሚ ቤት የባሩ ግማሽ አዲስ አይደለም። «ቪጋን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ከማውጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለው ማዕድ እዚህ የታወቀ ነው። ቪጋንና ጿሚ ግን አንድ አይደሉም። በብዙ ቤት ማር በጾም ይበላል፤ ቪጋኑ ግን ንብ የደከመችበት ነው ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ «የጾም ነው» ተብሎ በማር የተለወሰ ሰሊጥ ለቪጋን እንግዳ አይቀርብም።

የሚያስቸግረው ሌላው ግማሽ ነው። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ የስንዴ ሊጥ ሲጎተት የሚለጠጠው በእሱ ነው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ከበላ አንጀቱ ይጎዳል። ሕመሙን ከስንዴ ጋር ያያያዙት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ናቸው። እንግዲህ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴ ንፍሮ፣ ሁሉም ከጾም ጋር ይስማማሉ፤ ለዚህ ሕመምተኛ ግን ሁሉም ክልክል ናቸው። የሚተርፉት ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ኑግና ለውዝ ናቸው። ይህ ደግሞ ድህነት አይባልም።

ጤፍ ንጹሕ ነው ሲባል ግን ወፍጮ ቤቱን መርሳት አይገባም። አሁን ስንዴ የፈጨው ድንጋይ ቀጥሎ ጤፍ ይፈጫል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ግሉተን ፍሪ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን መኖር የለበትም፤ ወፍጮው ላይ የቀረው የስንዴ ዱቄት ይህን በቀላሉ ያልፋል። ለባሩ እንግዲህ ያልተፈጨ ጤፍ ይሻላል። ፍሬው አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በጠባብ ወንፊት ሲነፋ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል፤ ጤፉ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል።

ለ12 ቁራጭ 250 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ 150 ግራም ለውዝ፣ 50 ግራም ሰሊጥ፣ 50 ግራም ጤፍ፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ የተወቀጠ ኮረሪማ ይበቃል። ሰሊጡና ጤፉ ለየብቻቸው ይቆላሉ፤ ጤፉ ብረት ምጣዱ ላይ ጣ ጣ ማለት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ መውረድ አለበት፤ አንድ ደቂቃ ከተረሳ ይመርራል። ለውዙ ተቆልቶ፣ ታሽቶ ገለባው ይነፋል። ቴምሩ ደረቅ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ በደንብ ይንጠፈጠፋል።

ከዚያ ሙቀጫ ወይም ብሌንደር ነው። ሙቀጫው ያደክማል እንጂ አያሳስትም፤ ብሌንደሩ ግን ለውዙን ካበዛበት ዘይቱን ያስወጣውና ባሩ በማግሥቱ ወረቀቱን ያረጥባል። ለውዙ እንደ ክክ ሲሆን ማቆም ነው። ቴምሩ ተደቁሶ ሁሉም ሲለወስ፣ ትንሽ ቆንጥሮ በጣት መጫን፦ ከፈረሰ አንድ ማንኪያ ውሃ ወይም አንድ ቴምር ይጨመርበታል፤ ጣት ላይ ተጣብቆ አልለቅ ካለ ትንሽ የተቆላ ጤፍ ይነሰነስበታል። ከዚያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ተገልብጦ በብርጭቆ ቂጥ ይጠቀጠቃል። የብዙ ሰው ባር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ስለሚሰስት ነው፤ ክንድ እስኪዝል መጫን ያስፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ 2 ሰዓት ከቆየ በኋላ ዘይት በነካው ቢላ ይቆረጣል።

ቴምር ለተወደደበት ወይም ላልወደደው ሌላ መንገድ አለ። ስኳርና ውሃ አፍልቶ፣ ከሽሮፑ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል ማድረግ ነው፤ በጣት ሲይዙት ጠንከር ያለች ኳስ ከሆነ የተቆላው ሰሊጥ፣ ወይም ለቡና የሚፈነዳው ፈንዲሻ ቶሎ ይለወስበታል። እንደ ቴምሩ ጊዜ አይሰጥም፤ በአንድ ደቂቃ ይደርቃል። በምድጃ የሚጋገር ባር ለሚፈልግ ደግሞ ተልባ አለ። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ቢቆይ ይወፍራል፤ አንድ እንቁላል ይተካል። ለሆድ ማለስለሻ የሚጠጣው ተልባ የሚያዳልጠው በዚሁ ንፍጡ ነው።

ስለ ጤና ብዙ ይወራለታል። ከላይ ባለው ልክ የተሠራ አንድ ቁራጭ ውስጥ 14 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለፉ ነው። ከፍሬ የመጣ መሆኑ ለስኳር ሕመምተኛ ፈቃድ አይሆንም። ለውዝ የማይስማማው ሰውም በሱፍ ፍሬ ቢቀይረው አይፈርስበትም።

በወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ 2 ሳምንት ይቆያል። የመጀመሪያው ሙከራ ሲቆረጥ ከተፈረፈረ መጣል የለበትም፤ እየጨበጡ በተቆላ ሰሊጥ ላይ ማንከባለልና ከቡና ጋር ማቅረብ ነው። ባር ሊሆን ኖሯል ብሎ የሚጠረጥር እንግዳ የለም።