ስለ አሮጌ መብራት መሰብሰቢያ ስፍራ ንጽሕና

ቤትን መጥረግ የንጽሕና መጀመሪያ መሆኑን በኢትዮጵያ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ማለዳ ተነሥቶ ደጁን ሳይጠርግ የሚውል ሰው እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። ነገር ግን መጥረጊያ ማንሣት ራሱ ጉዳት የሚያመጣበት አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ያገለገለ የፍሎረሰንት መብራትና ኀይል ቈጣቢ አምፑል የሚሰበሰብበት ሥራ ነው።

እነዚህ መብራቶች ባዚቃ፥ በዘመኑ አነጋገር ሜርኩሪ የሚባለውን ማዕድን በጥቂቱ በውስጣቸው ይዘዋል። የኤሌክትሪክ ኀይል የባዚቃውን ተን ሲነካው ለዓይን የማይታይ ጨረር ይወጣል፤ ያንንም ጨረር በመስተዋቱ ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ወደ ብርሃን ይለውጠዋል። መብራቱ ሳይሰበር ሳለ ባዚቃው ማንንም አይጐዳም። በተሰበረ ጊዜ ግን ከፊሉ ወዲያው በተን ይወጣል፤ ከፊሉም በዱቄቱ ላይ ተጣብቆ ቀስ በቀስ ሲተን ይቈያል። ተኑ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የሚተነፍሰው ሰው አያውቀውም። ይህን ተን ዘወትር የሚስብ ሠራተኛ እጁ መንቀጥቀጥ፥ እንቅልፍ ማጣት፥ መርሳትና የኵላሊት ሕመም ያገኙታል፤ በእናት ማሕፀን ያለውን ፅንስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሠጋዋል።

ልኩን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ትንሽ ኀይል ቈጣቢ አምፑል እስከ 5 ሚሊግራም ባዚቃ ሊይዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለሠራተኛ ጤና የወሰነው ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.02 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ያንድ አምፑል ባዚቃ ፈጽሞ ቢተን 250 ሜትር ኩብ አየር እስከዚህ ልክ ያደርሳል ማለት ነው፤ ይህም ርዝመታቸውና ወርዳቸው 4 ሜትር፥ ከፍታቸው 3 ሜትር ከሆነ አምስት ክፍሎች አየር ይበልጣል። ባዚቃው ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደማይተን እርግጥ ነው። ነገር ግን ብዙ አምፑል በየቀኑ በሚሰበርበት ጠባብ ቤት የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። በዚያን ጊዜ የነበረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ኮርፖሬሽን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኀይል ቈጣቢ አምፑሎችን ለሕዝብ አድሏል። ሥራው የኤሌክትሪክ ኀይልን ስላተረፈ የሚመሰገን ነበር፤ የአምፑሉ ዕድሜ ሲያልቅ ወዴት ይጣላል የሚለው ጥያቄ ግን ከኋላ መጣ። ከዚህም በላይ ባዚቃን ለመቈጣጠር የተደረገው የሚናማታ ስምምነት አባል መንግሥታት በ2016 ዓ.ም. ባደረጉት ጉባኤ የፍሎረሰንት መብራት መሥራትና መነገድ በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2027 መጨረሻ በየተራ እንዲቆም ወስነዋል። ሕዝቡም ኤል ኢ ዲ የሚባለውን መብራት እየገዛ አሮጌውን ያወርዳል። ስለዚህ የሚጣለው መብራት የሚበዛው በዚህ ዘመን ነው።

የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መጨረሻ ጣቢያ ያለበትን አያትን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ባለ ብዙ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፥ የግል ቤቶች፥ ሱቆችና ትምህርት ቤቶች በሞሉበት በዚህ ሰፈር ቈራሌው በየደጁ እየጮኸ ቆርቆሮውን፥ ጠርሙሱንና አሮጌ ጫማውን ይገዛል። የተቃጠለ መብራት ግን ዋጋው እምብዛም ስለሆነ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ወይም በጫፉ ያለችውን ጥቂት ብረት ለማግኘት ይሰበራል። ተኑን የሚስቡት ከቆሻሻ ጋር የሚውሉ ድኾች ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው አይዘነጋም። የባዚቃ ተን እንደዚያ ክምር ባንድ ቀን አይገድልም፤ ስለዚህም አልቃሽ የለውም።

በአያትም ሆነ በሌላ ሰፈር አሮጌ መብራት የሚሰበስብ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሕግ አለመስበር ይሁን። ባዚቃን ከዱቄቱ ለይቶ ማውጣት በዝግ ምድጃ አሙቆ ማትነንን ስለሚጠይቅ በሰፈር ቤት የሚደረግ አይደለም። የሰፈሩ ሥራ መብራቱን ደኅና ተቀብሎ፥ በካርቶን ደርድሮ፥ ደኅና ማስረከብ ነው። ወለሉ ስንጥቅ የሌለው ልስልስ ሲሚንቶ ይሁን፤ ምንጣፍ አይነጠፍበት። መስኮቱ ነፋስ የሚያሳልፍ ይሁን። ምግብ በዚያ አይበላ፥ ሕፃን አይግባ፥ የሥራውም ልብስ ወደ ቤት አይሂድ።

አንድ መብራት ቢሰበር ሰው ሁሉ ይውጣ፤ መስኮቱም ተከፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይቈይ። ከዚያ በኋላ ጓንት ያጠለቀ ሰው ስባሪውን በወፍራም ወረቀት ይፈሰው፤ የቀረውን ዱቄት በሚጣበቅ ፕላስተርና በርጥብ ጨርቅ ያንሣው። ሁሉንም በሚከደን ጠርሙስ ከቶ ስሙን ይጻፍበት። መጥረጊያ ዱቄቱን ወደ አየር ይበትነዋልና አይነካ። በውኃም አጥቦ ወደ ቦይ መልቀቅ አይገባም፤ የምሥራቁ ሰፈር ጐርፍ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳልና። በጃፓን ሚናማታ በ1948 ዓ.ም. የታወቀው ደዌ ባዚቃ ከውኃ ወደ ዓሣ፥ ከዓሣም ወደ ሰው የተላለፈበት ነበር። አፍን በጨርቅ መሸፈንም ዱቄቱን እንጂ ተኑን አይከለክልም፤ ለተኑ የተሠራ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ሕግ አልጐደለም። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው ደንብ ቍጥር 425 እና አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 1090 በ2010 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና እንዲያስተምር ያዝዛል። የጐደለው ከአዋጁ እስከ ሠራተኛው እጅ ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን ከመፈረሙ አስቀድሞ ወለሉንና መስኮቱን በዓይኑ ይይ፤ ሠራተኞቹም በየጊዜው በሐኪም እንዲመረመሩ ያድርግ። ካህናትም በቤተ ክርስቲያን የተቃጠለው ረጅም መብራት ወደ ጓሮ እንዳይወረወር አስጠብቀው ለምእመናን ምሳሌ ሊሆኑ ይችላሉ። ለሌላው ሲያበራ የኖረ መብራት በመጨረሻው የድኻ ልጅ ደዌ እንዳይሆን መጠበቅ ብርሃኑን ያገኘ ሰው ሁሉ ዕዳ ነው።